ዲስክ፣ ጋዝ፣ ጨቅላ

ነጩ መኪና ከማዶ፣ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ሲቆም መጋረጃ ሰፊዋ እግሯን ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ አነሳች። ሰዓቱ አሥራ አንድ ከአሥር ነበር። መብራቱን አጠፋች፤ ቤቱ ከጨለመ ከውጭ ማንም አያያትም። ከዚያ ከስሱ ነጭ መጋረጃ ጀርባ፣ ልክ መሃሉ ላይ ቆመች።

መጋረጃውን የሰፋችው ራሷ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት መጋረጃ ስትሰፋ የኖረች ሴት ጨርቅ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚደብቅ አይጠፋትም። ፊት ለፊት ስታይበት መንገዱም፣ ዳቦ ቤቱም፣ የመኪናው ሰሌዳ ቁጥር ሳይቀር ይታያታል። አንዳንድ ቀን ግን መኪናው ራቅ ብሎ በስተቀኝ ከመብራት ምሰሶው ሥር ይቆማል። ያን ጊዜ አንገቷን ብታጣምም ዋጋ የለውም፤ ያው ስስ ጨርቅ ከጎን ሲያዩበት ኖራ የተቀባ ግድግዳ ይሆናል። "አውቀው ነው እዚያ የሚቆሙት" ትላለች በልቧ።

መኪናው ውስጥ ያሉት አንድያ ልጇና አንድ ወጣት ናቸው። የወጣቱን ስም አልጠየቀችም፤ "ቀጭኑ" ትለዋለች። ትከሻው ላይ ሸሚዝ ሲሰቀል መስቀያ ላይ የተሰቀለ ይመስላል። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው አንድ ነገር ያያሉ፣ ያወራሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አይሳሳቁም። ቢሳሳቁ ይሻላት ነበር። የሚሳሳቅ ወጣት ምን እንደሚፈልግ ይታወቃል፤ አንገቱን ደፍቶ የሚንሾካሾክ ግን ወይ ተበድሏል ወይ ሊበድል ነው።

ሃያ ሁለት ደቂቃ ቆዩ። ልጅቷ ስትወርድ እናት መብራቱን አበራች፣ ወንበሯ ላይ ተመለሰች፣ መርፌውን ጨርቁ ላይ አሳረፈች። ቁልፉ በሩ ላይ ሲዞር ስፌቱ ሲንጣጣ ነበር፤ ላቧ ብቻ ነበር ያልደረቀው።

"እማ፣ አሁንም አልጨረስሽም?"

"የሆቴሉ ነው። አርባ መስኮት ነው ያለው፣ አርባ ዓይን ይመስል። ብዪ እንጂ ልጄ፣ ምግቡ ተከድኖልሻል።"

ልጅቷ ቆማ ሁለት ማንኪያ ጎረሰችና "ጠገብኩ" ብላ ክፍሏ ገባች። በሩን ዘጋች። ዱሮ በሩን ገርበብ ነበር የምታደርገው።

መጠየቅ ይቻል ነበር። ግን አምና እናት ተደብቃ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ስትከተላት ተይዛለች። የዚያን ቀን ልጅቷ አልጮኸችም፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው። "እማ፣ አንድ ጊዜ ደግመሽ ብትሰልዪኝ ቤት ተከራይቼ እወጣለሁ። በአባቴ አጥንት።" አባቷ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በአጥንቱ ምላ አታውቅም ነበር። እናት ከዚያ ወዲህ ከቤት ወጥታ አልተከተለቻትም። ከመስኮት ማየት መሰለል ነው አይደለም የሚለውን ደግሞ ከራሷ ጋር እስካሁን አልጨረሰችም።

ነገሩ የፈነዳው ሰኞ ነው። እናት ኮሪደሩ ላይ የሆቴሉን መጋረጃ ስትተኩስ ልጅቷ ክፍሏ ውስጥ በስልክ ታወራ ነበር። ካውያው ትኩስ ነው፣ ግድግዳው ስስ ነው።

"ችግሩ ዲስኩ ጠርዝ ላይ ነው..." ትላለች ልጅቷ። "አዎ። ጋዙማ ከሚገባው በላይ ነው... ጨቅላ ግን የለም። ደጋግሜ አየሁት እኮ፣ አንድም የለም... ሐሙስ ቁርጡ ይታወቃል... አይ፣ ለእማ አልነገርኳትም። ትሞትብኛለች።"

እናት የሚቃጠል ጨርቅ ሲሸታት ነው የነቃችው። በሆቴሉ መጋረጃ ላይ የካውያ ቅርጽ ቡናማ ሆኖ ቀርቷል።

ልጇ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሰማይ እንደምታጠና ታውቃለች። ለሰው ስትናገርም "ልጄ ኮከብ ታጠናለች" ትላለች፤ ሰው ግን "ኮከብ ቆጣሪ ናት" ብሎ ይሰማና የራሱን ዕድል እንድትነግረው ይለምናል። ኮከብ እሳት ነው። ዲስክና ጋዝ ከኮከብ ጋር ምን አገናኛቸው? ዲስክ የምታውቀው የራሷን ነው፤ ሐኪሙ በራጅ ያሳያት፣ ከወገቧ አራተኛው አጥንት ሥር የተንሸራተተው። ጋዝ ደግሞ ወጥ ቤት ያለው ሲሊንደር ነው። በመጀመሪያ እሱን ጠረጠረች። ሳሙና በጥብጣ አረፋውን ቧንቧው አንገት ላይ ቀባች፣ ጎንበስ ብላ ጠበቀች። አንድም አረፋ አልተነፋም። ቢነፋ ደስ ባላት፤ የሚጠገን ነገር ይሆን ነበር።

ሁለተኛ ፎቅ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ይኖራሉ። አርባ ዓመት ሲያዋልዱ የኖሩ፣ ለማንም ፊት የማይሰጡ ሴት ናቸው። እናት ስኳር የምትበደር መስላ ወረደች።

"እትዬ፣ ወገቧን የሚያማት፣ ሆዷ በጋዝ የሚነፋ፣ እህል አልበላ የሚላት ልጅ ምን ሆና ይመስልዎታል?"

"ስንተኛ ወሯ ነው?" አሉ አዋላጇ፣ ከመስቀለኛ ቃላታቸው ቀና ሳይሉ።

"ኧረ እኔ ወር አላልኩም!"

"ያላልሽውን እኮ ነው የምነግርሽ። የማን ልጅ ናት?"

"የ... የአንድ ዘመዴ።"

"ይቺ የዘመድሽ ልጅ ሦስተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው?"

እናት ስኳሩን ይዛ እዚያው አለቀሰች። አዋላጇ እርሳሱን አስቀመጡ። "ነይ እስቲ። ዓለም አልጠፋም። ሰው ይወልዳል፣ ያድጋል፣ ደግሞ ይወልዳል።"

"'ጨቅላ የለም' ነው የምትለው እትዬ። 'ደጋግሜ አየሁት፣ አንድም የለም' ነው የምትለው።"

አዋላጇ መስቀለኛ ቃላቱን አጥፈው ወደ ጎን አኖሩት።

"እንደሱ ከሆነ ቀልድ አይደለም፤ ሐኪም ይያት። ጠይቂያት።"

"ብጠይቃት እንዳዳመጥኩ ታውቃለች። ትሄድብኛለች።"

"ባትጠይቂያትና አንድ ነገር ብትሆንስ?"

ያን ሌሊት እናት አልተኛችም። ከነገ ጀምሮ የሚሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ አሰበችው፤ አልጋው፣ ነጭ አንሶላው፣ ራሷን የሚነቀንቀው ሐኪም። መጥፎውን ቀድማ ካሰበችው የማይመጣ ይመስላታል።

ማክሰኞ ጠዋት ልጅቷ ሻወር ስትገባ እናት ቦርሳውን ከፈተች። ደብተር፣ ኮምፒውተር፣ የደረቀ ብስኩት። ከዚያ በፕላስቲክ የተሸፈነ አንድ ወረቀት። ጥቁር መደብ ላይ ሞላላ ግራጫ ነገር፤ መሃሉ ነጣ ያለ፣ ጠርዙ ላይ ዙሪያውን እንደ ቀለበት የሚሄድ ደብዛዛ ጥላ። ጥላው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተከቦ "ባዶ!" ተብሎ ተጽፏል።

አልትራሳውንድ ምን እንደሚመስል ማን ይነግራታል? የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ይህችኑ ልጇን አይታበታለች። አንዱን ነጠላ ጫማ ከራሷ፣ ሌላውን ከልጇ ተጫምታ ደረጃውን በረረች።

አዋላጇ መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ያዙት፣ ገለበጡት፣ መለሱት። "ይቺ ማኅፀን ከሆነች እኔ አውሮፕላን አብራሪ ነኝ" አሉ።

"ደህና አድርገው ይዩት እንጂ እትዬ! ባዶ ይላል እኮ!"

"ባዶ ይላል። ከሥሩ ደግሞ 'ዝንባሌ ሰባ ዲግሪ' ይላል። የዘመመ ማኅፀን አይቻለሁ፤ ሰባ ዲግሪ የዘመመ ግን አላየሁም። እሷን ተሸክማ የምትሄድ ሴት ካለች ግድግዳ ተደግፋ ነው።" ወረቀቱን መለሱላት። "ሆዷን ተይውና አፏን ጠይቂ።"

ስትመለስ ልጅቷ ፎጣ ራሷ ላይ ጠምጥማ፣ የተከፈተ ቦርሳዋ ፊት ቆማ ነበር። መጀመሪያ የእናቷን እጅ አየች፣ ቀጥሎ እግሯን።

"ያ የኔ ጫማ ነው" አለች። "እሱም የኔ ወረቀት ነው።"

ከዚህ በኋላ መደበቅ የለም። እናት በሩን እንደ ተደገፈች ተነፈሰችው። "ነፍሰ ጡር ነሽ? ወይስ ነበርሽ? ንገሪኝ ልጄ፣ አልቆጣም፣ ብቻ ሐሙስ ሳይደርስ ንገሪኝ!"

ልጅቷ ወንበሩ ላይ ዘጭ ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። በዚያው ቅጽበት በሩ ተንኳኳ። ቀጭኑ ነበር።

"እንደምን አደሩ እናቴ። ስልኳን ስላላነሳች ነው የመጣሁት።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ዛሬስ ደረጃው ተወጣልህ? ሁልጊዜ ከታች ነበር የምትቀረው።"

ልጅቷ እንባዋን ጠረገች። "ከታች እንደሚቀር በምን አወቅሽ እማ?"

"ጎረቤት ነገረኝ" አለች እናት በፍጥነት። ውሸቱ ከአፏ ሲወጣ ሲያቃጥላት ተሰማት።

ልጅቷ ግን አልገፋችበትም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። "ተቀመጪ። ማን እንደተፀነሰ ልንገርሽ። ይህ ጋላክሲ ነው፤ ብዙ ቢሊዮን ከዋክብት እንደ ዳቦ መጋገሪያ ሰሃን ጠፍጣፋ ሆነው የሚሽከረከሩበት። ሰሃኑን ነው ዲስክ የምንለው። በከዋክብቱ መሃል ስስ ጋዝ አለ።"

"የወጥ ቤት ጋዝ?"

"እንደ ደመና ያለ ጋዝ። ኮከብ የሚወለደው ከሱ ነው። ጋዙ ከተበተነ የዲስኩ መሽከርከር እንደ ተበተነ ያቆየዋል፣ ምንም አይወለድም። ከተሰበሰበና ከአንድ ወሰን ካለፈ ግን በራሱ ክብደት ወደ ውስጥ ይወድቃል፣ ይግላል፣ ኮከብ ይሆናል። አዲሶቹን ከዋክብት እኛ በመካከላችን 'ጨቅላ' እንላቸዋለን።"

እናት ለአፍታ የሆቴሉን ጨርቅ አየች። "ሽንሽን ነው በይኛ። ያው ጨርቅ ሲዘረጋ ምንም አይመስልም። ሲሸነሸን ነው የሚከብደው።"

"በትክክል!" አለ ቀጭኑ። "ደግሞ ልደቱ ከጋዙ በላይ ነው የሚፈጥነው እናቴ። ጋዙ እጥፍ ሲጠጋጋ ጨቅላዎቹ እጥፍ ብቻ አይሆኑም፤ ከሁለት ተኩል እጥፍ ያልፋሉ። ስንት ጋላክሲ ተለክቶ ተረጋግጧል።"

"ታዲያ ምን ሆናችሁ ነው እንደ ለቅሶ ቤት አንገት የምትደፉት?"

ልጅቷ ቀይ ክቡን ነካች። "ይሄ ቀለበት። በተለካው መሠረት ጋዙ ከወሰኑ በላይ ነው። ጨቅላ ግን አንድም የለም። ስድስት ወር አየሁት። ሕጉ የማይሠራበት ቦታ አገኘሁ ብዬ ነበር... ፈታኙ ደግሞ 'ሐሙስ ምክንያቱን ካላስረዳሽ ምዕራፉን ከመመረቂያ ጽሑፍሽ ታወጪዋለሽ' አለኝ። ምዕራፉ ከወጣ አልመረቅም። ካልተመረቅኩ ቃል የተገባልኝን ሥራ ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ያልነገርኩሽ እሱን ነው። እንዲህ እንደምትሆኚ ስለማውቅ።"

እናት እፎይ ማለት ነበረባት። ግን እፎይታ አልለመደችም። ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ነበር፤ የሆነ ነገር አልጣማትም። በሕይወቷ ብዙ ነገር ጠርጥራለች፣ አብዛኛውም ሳይሆን ቀርቷል። ሕግ ፈረሰ ሲሏት ግን ሕጉን ሳይሆን ለኪውን መጠርጠር ልማዷ ነው፤ መስኮት ጠበበ ብሎ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ ሜትሩን አጣሞ ይዞ ነው የለካው።

"ሰሃን ነው ካላችሁ" አለች ቀስ ብላ፣ "ለምን ክብ አልሆነም? ይሄ ሞላላ ነው።"

"ከላይ አይደለም የምናየው፣ ዘምሞ ነው። ሰባ ዲግሪ። ከጎን ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው።"

"ከጎን" አለች እናት።

ያኔ ገባት። ልክ መስኮቱ ላይ ቆማ እንደምታየው ሆኖ ገባት። ግን ያን ለመናገር የት ቆማ እንዳወቀችው መናገር ነበረባት። ልጇን አየቻት፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፣ ፎጣው ራሷ ላይ ተንጋዷል። "በአባቴ አጥንት" ያለችው ድምፅ ጆሮዋ ላይ አለ። ዝም ብትል ልጇ ቤት ውስጥ ትቀራለች፤ ሳትመረቅ፣ ግን ቤት ውስጥ። ይህን ሐሳብ ትንሽ አቆየችው። ከዚያ አፈረችበት።

"ተነሱ" አለች። "ወደዚህ ኑ። መብራቱን አጥፊው።"

ሁለቱም መጋረጃው ጀርባ ቆሙ። "ፊት ለፊት እዩ። ዳቦ ቤቱ ይታያል?"

"ይታያል።"

"አሁን እዚሁ ቆማችሁ በስተቀኝ እዩ፣ ወደ መብራት ምሰሶው። ዛሬ መኪናህ እዚያ ነው ያለው አይደል?"

"አዎ... ግን አይታይም" አለ ቀጭኑ። "ነጭ ብቻ ነው።"

"ጨርቁ አንድ ነው፣ ክሩ አልተጨመረም። ከጎን ስታዩት ግን ዓይናችሁ ብዙ ክር አቋርጦ ነው የሚያልፈው። የማያውቅ ሰው 'ይሄ መጋረጃ ድርብ ነው' ብሎ ይምላል። ጋዛችሁንስ ከጎን አይታችሁ ወፍራም መስሏችሁ እንዳይሆን?"

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። "እማ፣ እሱንማ ሁሉም ያውቀዋል። በዝንባሌው እናስተካክላለን። የመጀመሪያ ነገር ነው።"

"አንቺ ራስሽ አስተካከልሽው?"

"ከዋክብቱን እኔ ነኝ ያስተካከልኩት። የጋዙን ሰንጠረዥ..." ልጅቷ ቀጭኑን አየችው።

"ጋዙን የለኩት ሌሎች ተመራማሪዎች ናቸው የላኩልን" አለ ቀጭኑ። "አስተካክለው እንደላኩት ነው ያሰብኩት።"

"እኔ ደግሞ አንተ ያስተካከልከው መስሎኝ!"

"አይ ልጆች" አለች እናት። "ሁለት ሠራተኛ ባለበት ቤት ወጥ ጨው ሳይጨመርበት ይቀራል።"

ቀጭኑ ኮምፒውተሩን እዚያው በሆቴሉ ጨርቅ ላይ ከፈተው። ከሰንጠረዡ ግርጌ፣ በትንንሽ ፊደል፣ ማንም ወርዶ ያላነበበው አንድ መስመር ነበር፤ "ለዝንባሌ አልተስተካከለም።" ልጅቷ ቁጥሮቹን ራሷ መታች። ጋዙ ወደ አንድ ሦስተኛ ወረደ። ቀለበቱ ላይ የነበሩት ነጥቦች በሙሉ ከወሰኑ መስመር በታች ተኙ፤ ጨቅላ በሌለበት፣ ሊኖርም በማይገባው ቦታ።

ልጅቷ ስክሪኑን ረጅም ጊዜ አየችው። "ስለዚህ ያገኘሁት የለም" አለች። "ሕጉ ልክ ነው። ጋዙ ስስ ስለሆነ ነው ያልተወለዱት። በቃ።"

"ምዕራፉ ግን አይወጣም" አለ ቀጭኑ። "ምክንያቱን አገኘሽ እኮ።"

"አይወጣም።" ከዚያ ወንበሯን ወደ እናቷ አዞረች። "እማ። ከዚያ መስኮት ከጎን ሲታይ መኪናው እንደማይታይ በምን አወቅሽ?"

ቀጭኑ ተነሣና ውኃ ሊጠጣ ወጥ ቤት ሄደ፤ ውኃው እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

"ስንት ጊዜ ቆመሽ አየሽኝ?"

እናት ጎረቤት ነገረኝ ልትል ትችል ነበር። "በየቀኑ" አለች። "ሦስት ወር ሆነኝ።"

ሐሙስ ልጅቷ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስትጠየቅ ቆይታ አለፈች። ፈታኙ የዝንባሌውን ነገር ስታስረዳው "ይህን ማን አሳየሽ?" አላት፤ እሷም "መጋረጃ ሰፊ" ብላ መለሰች፣ እሱም ቀልድ መስሎት ሳቀ። አዋላጇ ወሬውን ሲሰሙ "እኔ ከመጀመሪያው ሆዷን ተይው ብዬ ነበር" አሉ።

እሑድ ከምሳ በኋላ ልጅቷ ሳህኖቹን እያነሳች ተናገረች። "ክፍል አግኝቻለሁ እማ። ከሥራው ቅርብ ነው። በአውቶቡስ ሩብ ሰዓት ነው።"

"ልጅ ተቆጥቶ የማለው መሐላ አይቆጠርም። የአባትሽ አጥንት ይቅር ይልሻል።"

"ተቆጥቼ አይደለም የምሄደው። ብምልም ባልምልም እሄድ ነበር። አንድ መስኮት አለው፤ ልኩን ይዤልሻለሁ። ስፊልኝ።"

እናት ወረቀቱን ተቀበለች። ስፋት መቶ ሃያ፣ ቁመት መቶ ሃምሳ። ሜትሩ ቀጥ ብሎ ተይዞ ይሆን? "ወፍራም ይሁን?" አለች። "ድርብ?"

"ስስ ይሁን።"

"ስስ? ከውጭ ሰው ሁሉ ያይሻል እኮ!"

"አንቺ ስትመጪ ነው የምታዪኝ። በሩን አንኳኩተሽ፣ ፊት ለፊት።"

እናት ማታውኑ ከስሱ ነጭ ጨርቅ ቆርጣ ማሽኑ ላይ ተቀመጠች። ለአንድ መቶ ሃያ ሳንቲ መስኮት ሁለት መቶ አርባ ሳንቲ ጨርቅ ይበቃል፤ ሥራው ሁሌም እንደዚያ ነው። እሷ ግን ሦስት መቶ ስድሳ ቆረጠች፣ ሽንሽኑን አጠጋግታ፣ ክር በክር ላይ አድርጋ ሰፋችው። ልጅቷ ስስ አለች፣ ስስ ነው። ከማዶ ያለው ፎቅ ላይ ማን እንደሚኖር ግን ማን ያውቃል?